ምዕራፍ ስድስት፦ ዛሬ ማን ነው?

እምዬ መጀመሪያ የረሱት የሰው ስም አልነበረም፤ አብሲት ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ምጣድ ሥር ያደገ ሰው ይረዳኛል። ጤፉ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ላዩ ላይ ያቀረረው ውኃ ይደፋል፤ ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውኃ እየተማሰለ አብሲት ይሠራል፤ በረድ ሲል ወደ ቡኮው ተመልሶ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። አያቴ እምዬ ይህን ከስልሳ ዓመት በላይ ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ልጅ አዝለው፣ ከጎረቤት እያወጉ፣ በኩራዝ ብርሃን። ምሥራቅ ጎጃም፣ ይጁቤ ላይ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አክስቴ አክንባሎውን ስታነሣ ያገኘችው እንጀራ ግን ድፍን ነበር። አንድም ዓይን አላወጣም።

«እማ፣ አብሲቱን ዘነጉት እንዴ?» አለች።

እምዬ ተቆጡ። ምጣዱ በደንብ አልታሰሰም አሉ፤ እንጨቱ እርጥብ ነው አሉ፤ ጤፉንም ወቀሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሆነ። ከዚያ የማርያም ማኅበር ተራቸው ደርሶ ጠላ ሳይጠምቁ ቀሩ። ከዚያ ደግሞ አንድ ዓርብ ቀን፣ ገና ጥዋት፣ ጓዳ ውስጥ እርጎ ሲጠጡ ተገኙ። ሁዳዴውን፣ ፍልሰታውን፣ ረቡዕና ዓርቡን ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ቀን ያላጎደሉ ሴት ናቸው። «እማ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» ሲባሉ ዋንጫው ከእጃቸው ወደቀ፤ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ከቀትር በኋላ ለምን እንዳለቀሱ አያውቁም፤ ፊታቸው ግን እስከ ማታ እንደጠቆረ ነበር። የነፍስ አባታቸው ነገሩ ሲነገራቸው «የማያውቁትን አይቆጥርባቸውም» ብለው አጽናኑን። ሰፈሩ ግን ለሁሉም አንድ ቃል ነበረው፦ ጃጅተዋል።

ይህ ቃል ክፉ ቃል አይደለም። ውስጡ ምሕረት አለው፤ ሽማግሌ ቢሳሳት አይፈረድበትም ይላል። ጉዳቱ ሌላ ነው። «ጃጅተዋል» ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። ጃጀ የተባለ ሰው ጤና ጣቢያ አይወሰድም፤ እርጅናን ማን አክሞት ያውቃል? እኔም ብሆን ሁለት ዓመት ያህል ቃሉን ተቀብዬ ኖሬአለሁ። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ስለምቆጭ ነው።

እርጅና እውነትም ያስረሳል። የሰባ ዓመት ሰው ነጠላውን የት እንዳስቀመጠ ቢዘነጋ፣ ገበያ ላይ ሰላም ያለውን ሰው ስም አጥቶ ማታ እራት ላይ «እገሌ!» ብሎ ቢጮኽ፣ ዕድሜው ነው። ነገሩ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣለታል፤ መርሳቱንም ራሱ ያውቀዋል። ሕመሙ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ሳያልቅ ያንኑ ጥያቄ አምስት ጊዜ መጠየቅ፤ ልቅሶ ደርሶ መጥቶ ልቅሶ መድረሱን ጨርሶ አለማወቅ፤ ሠላሳ ዓመት ከተመላለሱበት ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ መጥፋት፤ የብር ኖት እያዩ ዋጋውን አለመለየት፤ ቅደም ተከተል ያለውን ሥራ፣ እንደ እንጀራው፣ መሐል ላይ መበጠስ። ጠባይም ይለወጣል። ለጋሷ ሴት «ገንዘቤን ሰረቁኝ» ትላለች፤ ተጫዋቹ ሽማግሌ ጥግ ይዞ ዝም ይላል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ ቀስ እያሉ፣ በወራትና በዓመታት ነው የሚሰርጉት። ለዚህ ነው ቤተሰብ «መቼ ጀመራቸው?» ሲባል መልስ የሚያጣው።

ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነውን ለማስረዳት ከአውድማው የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እህሉ ተወቅቶ፣ ተበራይቶ አውድማ ላይ ይከመራል። እዚያ አይከርምም፤ ጭኖ ወደ ቤት የሚያስገባውና ጎታ ውስጥ የሚከተው ሰው ያስፈልጋል። አንጎላችንም እንደዚሁ ነው። የዛሬው ወሬ፣ የጥዋቱ ቁርስ፣ የእንግዳው ስም መጀመሪያ አውድማው ላይ ነው የሚወድቀው። ከጆሯችን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በግራም በቀኝም በኩል፣ ሂፖካምፐስ የሚባል አነስተኛ የአንጎል ክፍል አለ፤ ስሙ በግሪክኛ የባሕር ፈረስ ማለት ሲሆን ቅርጹ ስለሚመስለው ነው። ጫኙ እሱ ነው። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያጠቃው ይህንኑ ጫኝና አጎራባቾቹን ነው። ጫኙ ሲታመም አዲሱ እህል አውድማው ላይ ይቀራል፤ ዝናቡ ይወስደዋል። ጎታ የገባው የድሮ እህል ግን ገና ብዙ ዓመት ይበላል። እምዬ የሠርጋቸውን ዕለት የበቅሎዋን ጌጥ ሳይቀር ይነግሩናል፤ ምሳ መብላታቸውን ግን አያውቁም። ሰዎች ይህን አይተው «ሲፈልጉማ ያስታውሳሉ» ይላሉ። በሕመምተኛ ላይ ከሚነገሩ ቃላት ሁሉ እንደዚህ የሚያናድደኝ የለም። በገዛ ፈቃዳቸው የመረጡት ነገር የለም።

ጫኙን የሚያሳምመው ምንድን ነው? በአልዛይመር አንጎል ውስጥ ሁለት ዓይነት ፕሮቲን ከመስመር ወጥቶ ይገኛል። አንደኛው አሚሎይድ ቤታ ይባላል፤ በነርቭ ሕዋሶች መካከል እየተጣበቀ ይጋገራል። ሁለተኛው ታው ነው፤ እሱ በጤናው ቀን ጠቃሚ ነው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ማገሩን ከግድግዳው እንጨት ጋር የሚያስረውን ልጥ አስቡት፤ ታው የሕዋሱን የውስጥ ማገር እንዲህ አስሮ የሚይዝ ነው። በሕመሙ ጊዜ ልጡ ይፈታል፤ መፈታቱ ሳያንስ እርስ በርሱ ተተብትቦ ቋጠሮ ይሆናል። ማገሩ ይላላል፤ በውስጡ ይመላለስ የነበረው ምግብና መልእክት ይቋረጣል፤ ሕዋሱ ይሞታል። የሞተ የነርቭ ሕዋስ እንደ ቆዳ ሕዋስ አይተካም። የአሚሎይዱ ክምችት ሰውየው አንዲት ነገር ከመርሳቱ 15 ወይም 20 ዓመት አስቀድሞ መጀመር ይችላል። እምዬ አብሲቱን በረሱባት ሳምንት ሕመሙ እንግዳ አልነበረም፤ እኛ ሳናየው ቤት ውስጥ ከርሟል።

ይህን ሁሉ ማወቅ የጀመርነው ከአንዲት ጀርመናዊት ሴት ነው። አውጉስተ ዴተር ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1901 ባሏ ፍራንክፈርት ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሲያስገባት ዕድሜዋ 51 ነበር። ትቀና፣ ትጠራጠር፣ ዕቃ ትደብቅ፣ ቤቷ ውስጥ መንገድ ይጠፋት ነበር። አሎይስ አልዛይመር የሚባል ሐኪም አጠገቧ ተቀምጦ ጠየቃት፤ የጠየቀውንና የመለሰችውን ቃል በቃል ጻፈ። ስምሽ ማነው ሲላት አውጉስተ አለች። ባልሽስ ሲላት ያንኑ አውጉስተን መለሰች። የቀረበላትን እየበላች ምን እየበላሽ ነው ስትባል ሌላ ምግብ ጠራች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1906 ስትሞት አልዛይመር ሙኒክ ነበር፤ አንጎሏ ተላከለት። በማይክሮስኮፕ ሲያየው ግግሩንም ቋጠሮውንም አገኘ። በዚያው ዓመት ኅዳር ቱቢንገን ላይ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ሲያቀርብ አንድም ጥያቄ ያነሣ አልነበረም። አለቃው ኤሚል ክሬፕሊን እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው መማሪያ መጽሐፍ ላይ ሕመሙን በአልዛይመር ስም ጠራው። የአውጉስተ ማኅደር ጠፍቶ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1995 እዚያው ፍራንክፈርት ተገኘ። ያንን ማኅደር ሳስብ የሚገርመኝ ግኝቱ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው አጠገቧ ተቀምጦ መጠየቁና መልሷን ሳይንቅ መጻፉ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመርሳት ሕመም፣ በሐኪሞቹ አጠራር ዲሜንሺያ፣ አለባቸው። ዲሜንሺያ ጃንጥላ ስም ነው፤ ከሥሩ በአንጎል የደም ሥር ጉዳት የሚመጣው አለ፣ ሌሎችም አሉ፤ ከ100ው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው ግን አልዛይመር እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። አብዛኞቹም የሚኖሩት በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ዕድሜ ከሁሉም የበረታው ምክንያት ነው፤ ከ65 ዓመት በኋላ የመያዝ ዕድሉ በየአምስት ዓመቱ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ይህ ማለት ሽማግሌ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ዘጠና ዓመት አልፏቸው የሦስት ትውልድ ዕዳና ውል በቃላቸው የሚያስታርቁ አዛውንት ስንቱን አይተናል። እርጅና መንገዱ እንጂ ሕመሙ አይደለም።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጎረቤት ጽዋ ቢጋራ አይጋባም። በዘር ነው የሚለውም በጥንቃቄ መነገር አለበት። በጎልማሳነት፣ በአርባና በሃምሳ ዓመት የሚጀምርና ከወላጅ በቀጥታ የሚወረስ ዓይነት አለ፤ እጅግ ጥቂት ነው። በእርጅና የሚመጣው ግን እናቷ ስለታመመች ልጅቱ ትታመማለች የሚያሰኝ አይደለም፤ ዕድሉን ከፍ የሚያደርግ ጂን ቢኖርም ፍርድ አይደለም። ይህን የምጽፈው በኛ አገር ለጋብቻ ዘር ስለሚጠየቅ ነው። የአንዲት አሮጊት ሕመም የልጅ ልጅን ጋብቻ እንዲያፈርስ አልፈልግም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልግባ። ይጁቤ ላይ ያለች፣ እርሳስ ጨብጣ የማታውቅ ሴት መታመሟን በምን እናውቃለን?

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የሠላሳ ነጥብ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ወቅቱን ይጠይቃል። ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን ይላል። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት ቀንሱ ይላል። የተጻፈ ትእዛዝ አንብበው እንዲፈጽሙ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉ፣ የተጠላለፉ ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾች እንዲስሉ ያዝዛል። ፎቅ በሌለበት ግቢ፣ ፊደል ላልቆጠሩ እናት ይህ ፈተና ገና ሲጀመር የተወሰነ ነው፤ ጤነኛዋን በሽተኛ ይላታል። የተማረውን ደግሞ በተቃራኒው፣ ሕመሙ እየጀመረውም ነጥብ ሞልቶ ያሳልፈዋል።

አፍሪካ ውስጥ ይህን ቀድመው ያስተዋሉ አሉ። ናይጄሪያ ኢባዳን ውስጥ ያሉ ዮሩባዎችን አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ካሉ ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ያነጻጸረው ጥናት ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም የሚጠይቅ መንገድ ተጠቀመ፦ ሥራቸውን እንደ ድሮው ይሠራሉ ወይ? መንገድ ይጠፋቸዋል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ውጤት ዓለምን አነጋገረ፤ ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት በየዓመቱ በአልዛይመር የሚያዙት ኢባዳን ላይ 1.15 በመቶ ሲሆኑ ኢንዲያናፖሊስ ላይ 2.52 በመቶ ነበሩ። ዘራቸው የሚቀራረብ፣ ኑሯቸው የተለያየ ሰዎች ናቸው፤ አኗኗር ቦታ እንዳለው ይጠቁማል። ታንዛኒያ ውስጥ በሃይ ወረዳ ደግሞ ከ70 ዓመት በላይ ከሆኑት የገጠር ሰዎች 6.4 በመቶው የመርሳት ሕመም እንዳለባቸው ተገኘ። እዚያ የተዘጋጀው አጭር መመዘኛ ስዕል በማሳል ፈንታ የክብሪት እንጨቶችን በቅርጽ አስቀምጦ «እንደዚህ አድርጉ» ይላል። ክብሪት የማያውቅ እጅ የለም።

እኛስ? እምዬን ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው ብላችሁ በጤናቸው ቀን ብትጠይቋቸውም አይነግሯችሁም ነበር። «ዛሬ ማን ነው?» ብትሏቸው ግን ሳያመነቱ ይመልሳሉ፤ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ ማርቆስ። ወሩን በሙሉ በቅዱሳኑ ስም ነበር የሚቆጥሩት፤ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም። ይህን ቆጠራ ያጡ ዕለት ከማንኛውም ፈተና በላይ ሊነግረን ይችል ነበር፤ እኛ አልሰማነውም። ዕድሜያቸውንም ብትጠይቋቸው በቁጥር አይመልሱም፤ ጣሊያን ሲወጣ ገና ጡት ያልጣሉ ነበሩ፣ ንጉሡ ሲወርዱ ሦስተኛ ልጃቸውን ወልደዋል። ጠያቂው ይህን ቋንቋ ካወቀ መመዘኛ በእጁ አለ። በአንድ የጤና ባለሙያ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ እምዬ ስለ ፎቅ ሲጠየቁ ሰምቻለሁ። ዞር ብለው አዩኝ፤ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም።

ደግሞ «የትምህርት ደረጃ» የምትለው ሳጥን አለች። ረጅም ትምህርት አንጎልን ለሕመሙ እንዳይበገር እንደሚረዳው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ይጠየቃል። ምሥራቅ ጎጃም ግን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶቹ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉበት አገር ነው። አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዳዊቱን ደግሞ፣ ዜማውን በቃሉ ይዞ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ ትናንት ያልተባለ አዲስ ቅኔ በየዕለቱ ሲቆጥር አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ይቆያል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ካልገባ ቅጹ ላይ «ያልተማረ» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ግን አንጎልን በማሠራት በኩል ይህን የሚያህል ትምህርት ቤት አላውቅም። አሜሪካዊው ዴቪድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው፣ 678 ካቶሊካውያን መነኮሳትን የተከታተለው ጥናት የሚያሳየውም ወደዚህ ነው። መነኮሳቱ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ገዳም ሲገቡ የጻፉት የሕይወት ታሪክ በሐሳብ የታመቀ ከነበረ፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ በአልዛይመር የመያዛቸው ነገር አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነሱም አንዷ በ101 ዓመታቸው ሲያርፉ አንጎላቸው ውስጥ የሕመሙ ቋጠሮ ሞልቶ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ግን አእምሯቸው የነቃ ነበር። ሰምና ወርቅ ሲፈቱ የኖሩ የኔታን ቅጹ ላይ ባዶ ማስቀመጥ በእሳቸው ላይም በሳይንሱም ላይ በደል ነው።

ወደ «ጃጅተዋል» ልመለስ፤ ትልቁ ጉዳቱ እዚህ ነውና። የመርሳት ሕመም የሚመስሉ፣ ግን የሚድኑ ነገሮች አሉ። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲደክም ሰው ይፈዛል፣ ይረሳል፤ በደጋው አገራችን እንቅርት አዲስ ነገር አይደለም። ቫይታሚን ቢ 12 ሲያንስ መርሳት ይመጣል፤ ይህ ቫይታሚን ያለው በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላልና በዓሣ ነው፣ የሽማግሌ ጨጓራ ደግሞ ከምግቡ መጥጦ ማውጣት ይከብደዋል። ዓመቱን አብዛኛውን የሚጾሙ አዛውንት መርሳት ሲጀምሩ ይህን ማስመርመር ይገባል፤ ጾሙን ሳይነኩ በመርፌ ወይም በኪኒን ሊተካ የሚችል ነገር ነው። ባል የሞተባት አሮጊት ዝም ስትል፣ ምግብ ስትተው፣ ነገር ሲጠፋባት ድባቴ ሊሆን ይችላል። ከበቅሎ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሽማግሌ ከሳምንታት በኋላ ቢደናገር የራስ ቅሉ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ሊኖር ይችላል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ለእንቅልፍ ወይም ለጉንፋን ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ኪኒንም ያደናግራል። ከሁሉ በላይ ልብ በሉ፦ ትናንት ደህና የነበሩ እናት ዛሬ በአንድ ሌሊት ቢቀባዥሩ፣ ሰው ቢያጠፋባቸው፣ ያ አልዛይመር አይደለም። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውኃ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ሳይባል ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ሩቅ አይደለም።

ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ላይ ባወጡት ሪፖርት ሰው ሊለውጣቸው የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ቆጥረዋል፤ ሁሉም ቢቀሩ የመርሳት ሕመም 45 በመቶ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ብለዋል። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ለእኛ ቤት የሚቀርቡትን ላንሣ። ደም ግፊትና ስኳር በዐርባና በሃምሳ ዓመት ሳይታከሙ ከቀሩ በሰባው ያስከፍላሉ። የአየር ብክለት ሲባል ስለ ከተማ መኪና ይመስለናል፤ መስኮት የሌለው ማድቤት ውስጥ ዕድሜ ልኳን ጭስ ስትስብ የኖረች ሴትስ? አረቄ ሲበዛ። ጆሮ መድከም፦ የማይሰማ ሰው ከጨዋታው ይወጣል፣ ከጨዋታው የወጣ አንጎል ይደክማል፤ አንዳንዱ ጆሮ የሚፈልገው ኩኩ ማስወጣት ብቻ ነው። ዓይን ደግሞ በዚህ ሪፖርት አዲስ የገባ ነው። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከከፋባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተቀለበሰ ሽፋሽፍት በጊዜው ማስተካከል፣ የዓይን ሞራ ማስገፈፍ፣ ለዓይን ብቻ ብለን የምንሠራው ሥራ ለአንጎልም ነው።

ስለ መድኃኒቱ አጭር ነገር እናገራለሁ፤ ብዙ የሚነገር የለምና። ዶኔፔዚልና መሰሎቹ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አሉ፤ ለአንዳንዱ ሰው ለተወሰነ ጊዜ መርሳቱን ያለዝባሉ፣ ሕመሙን አያቆሙም። ከአዲሶቹ አንዱ፣ ሌካኔማብ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል፤ አሚሎይዱን ያጸዳል፣ መባባሱንም በመጠኑ ያዘገያል። ሲፈቀድ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ነበር የሚሰጠው፤ አንጎል እንዳያብጥና እንዳይደማ በኤም አር አይ ክትትል ይፈልጋል፤ ለአንድ ሰው በዓመት 26,500 ዶላር ተብሎ ነው ገበያ የወጣው። ለእምዬ የደረሰ አይደለም። የደረሰላቸው አክስቴ ናት።

አክስቴም መጀመሪያ ተሳስታለች፤ ሁላችንም ተሳስተናል። ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እምዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ይነሡና «ልሂድ፣ ቤቴ መሸብኝ» ይላሉ። ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው። «እማ፣ ቤትዎ እኮ ይሄ ነው» ስንላቸው ይናደዳሉ፣ በሩን ይታገላሉ። አንድ ምሽት ሳናይ ወጡ። ይጁቤን ወደ ደቡብ አልፋችሁ ስትሄዱ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ እየወረደ ነው የሚሄደው። ጎረቤቱ በሙሉ ባትሪና ኩራዝ ይዞ ወጣ፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ግድም ልጅ ሆነው ውኃ ይቀዱበት ወደነበረው ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር ተቀምጠው ተገኙ። «እናቴ ትቆጣኛለች» ሲሉ ነበር። እናታቸው ካረፉ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ክርክሩን ተወችው። «ልሂድ» ሲሉ «እሺ እማ፣ ቡና ጠጥተን እሸኝዎታለሁ» ትላለች፤ ረከቦቱን ትዘረጋለች፤ ጭሱ ሲሸታቸው ይቀመጣሉ። «እናቴስ?» ሲሉ ሞተዋል አትልም፤ የሞት መርዶ በየቀኑ አዲስ ሆኖ የሚሰማውን ሰው በየቀኑ ማርዳት ጭካኔ ነው። «እስቲ ስለ እናትዎ ያጫውቱኝ» ትላለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። ሳይንሱ ግን ከእሷ ጋር ነው፦ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት የአልዛይመር ሕሙማን አሳዛኝና አስደሳች ፊልም እንዲያዩ ተደርጎ፣ ፊልሙን ከረሱት በኋላም ሐዘኑና ደስታው ውስጣቸው ሲቆይ ታይቷል። እምዬ በዚያች ዓርብ ለምን እንዳለቀሱ ረስተው ፊታቸው የጠቆረው ለዚህ ነበር። የተናገርናቸው ቃል ይጠፋል፤ የተናገርንበት ድምፅ ይቀመጣል።

ጎታው ውስጥ ከቀረው ሁሉ የመጨረሻው ዜማና ጸሎት መሰለኝ። የልጅ ልጅ ስም የጠፋባቸው እናት «አባታችን ሆይ» ሲባል እስከ መጨረሻው ይከተላሉ። እጅም የራሱ ትዝታ አለው፤ ጥጥ ቢሰጧቸው ይፈትላሉ፣ ምስር ቢሰጧቸው ይለቅማሉ። ሥራ አትንኩ ማለት ደግነት ይመስላል፣ ግን ቶሎ ያደክማቸዋል።

ስለ ተንከባካቢዋ ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆናል። በየቤቱ ይህን ሸክም የተሸከመችው ሴት ናት፤ ልጅ ወይም ምራት፣ አንዳንዴም ከትምህርት ቤት የቀረች የልጅ ልጅ። ሌሊት አትተኛም። ገበያ አትወጣም። ማኅበር አትሄድም። «እናትሽን ጦርሽ፣ ትመረቂያለሽ» ትባላለች፣ ምርቃቱም እውነት ነው፤ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ተክቷት የሚቀመጥ ሰው ከምርቃቱ ይበልጥባታል። ለልቅሶ ድንኳን የሚተክለው እድር፣ ገና በሕይወት ላለችው ሕመምተኛ ተራ ወጥቶ ቢጠብቅ ብዬ የአክስቴ ጎረቤቶች ዘንድ ሄጄ ጠይቄአለሁ። ሁለት ሴቶች ወዲያው እሺ አሉኝ። ረቡዕና ቅዳሜ የእነሱ ነው።

በመጨረሻ ይጁቤ የሄድሁት በማርያም ዕለት ነበር። አክስቴ አብሲቱን ራሷ ጣለች፤ ማማሰያውን ግን ለእምዬ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም እሳቱ ዳር ቁጭ ብለው ቀስ እያሉ አማሰሉት፤ ሲወፍር እጃቸው አውቆ ፈጠነ። በማግስቱ ምጣዱ ሲጣድ አጠገቧ ነበሩ።

«ዛሬ ማን ነው?» አሉ።

«በዓለ እግዚአብሔር ሊገባ ሰባት ቀን ቀርቶታል፣ ማርያም ትናንት ነበረች፣ እማ» አለች አክስቴ። በዚያ ጥዋት ስድስተኛዋ መልስ ነበረች፤ ድምፅዋ ግን እንደ መጀመሪያው ነው።

ሊጡን አሰፋችው። ክዳኑን ገጠመች። እምዬ ወደ አክንባሎው ጠጋ ብለው በጭሱ መሐል ጠበቁ፤ ስታነሣው አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ዓይን አወጣ?»

«አወጣ፣ እማ።»